የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሩሲያ አብዮተኞች ከሴኔት አደባባይ እስከ ክረምት ቤተ መንግሥት

በሩሲያ የአብዮት ታሪክ ላይ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ደጋግመው የተነሡትን ጥያቄዎች መርጠናል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ቀናቱን ግን ሩሲያውያን በዘመኑ ይጠቀሙበት በነበረው አሮጌ አቆጣጠር አስቀምጠናቸዋል፤ ምክንያቱን የመጀመሪያው መልስ ያስረዳል።

ጥያቄ፦ የኦክቶበር አብዮት የሚከበረው በኖቬምበር ነው፤ የፌብሩዋሪውም በማርች። መጽሐፍ በቀየርኩ ቁጥር ቀኑ ይለዋወጥብኛል። የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሩሲያ እስከ 1918 መጀመሪያ ድረስ የዩልዮስን አቆጣጠር አልለቀቀችም። ወደ ዛሬው ለመቀየር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለዋለ ቀን 12፣ ከ1900 ማርች ወዲህ ላለው 13 ይጨምሩ። ስለዚህ ዲሴምበር 14 ቀን 1825 ዲሴምበር 26 ይሆናል፤ ኦክቶበር 25 ቀን 1917 ደግሞ ኖቬምበር 7። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1917 ማርች 8 ላይ ይውላል፤ የፔትሮግራድ (የሴንት ፒተርስበርግ የያኔ ስም) ሴት ሠራተኞች በሴቶች ቀን ወጡ የሚባለውም ለዚህ ነው። አዲሱ መንግሥት በ1918 የጃንዋሪ 31ን ማግስት በድንጋጌ ፌብሩዋሪ 14 አደረገው፤ በመሀል ያሉት ቀናት በሩሲያ ታሪክ ውስጥ የሉም። አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው አንዱ ደራሲ የቀየረውን ቀን አንባቢው እንደገና ሲቀይረው ነው። ማስታወሻ ሲይዙ ከቀኑ ጎን «አሮጌ» ወይም «አዲስ» ብለው ይጻፉ።

ጥያቄ፦ በ1825 ሦስት ሺህ ያህል የታጠቀ ወታደር በሴንት ፒተርስበርግ ሴኔት አደባባይ ያቆሙት መኮንኖች ቤተ መንግሥቱን ለምን አልያዙም? ፈርተው ነው?

መልስ፦ ብዙዎቹ ናፖሊዮንን እስከ ፓሪስ ያሳደዱ የጦር ሜዳ ሰዎች ናቸውና ፈሪ ማለት ይከብዳል። ያመለጣቸው ሰዓቱ ነው።

ዛር አሌክሳንደር ቀዳማዊ ኖቬምበር 19 ቀን ታጋንሮግ ላይ ሲሞት፣ ይወርሳል ተብሎ የሚጠበቀው ወንድሙ ኮንስታንቲን ዙፋኑን አስቀድሞ በምስጢር ትቶ ነበር። አገሩ ይህን ሳያውቅ ለኮንስታንቲን ማለ፤ ጥቂት ቆይቶ ለታናሹ ለኒኮላይ እንደገና ማሉ ተባለ። በሴንት ፒተርስበርግ የነበረው የመኮንኖቹ ምስጢራዊ ማኅበር፣ «የሰሜን ማኅበር»፣ በዚህ ክፍተት ሊገባ ወሰነ። ዕቅዱ ወታደሩ እንዳይምል ማድረግ፣ ሴኔቱን አስገድዶ ማኒፌስቶ ማሳወጅ፣ የክረምት ቤተ መንግሥትንና የጴጥሮስ ወጳውሎስን ምሽግ መያዝ ነበር።

ኒኮላይ ግን ወሬው ደርሶታል። ሴናተሮቹን ገና ሳይነጋ አስጠርቶ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ አስማላቸው። ያመፀው፣ «የሞስኮ» የተባለው ክፍለ ጦር አደባባዩ ላይ ሲደርስ ረፋዱ 5 ሰዓት ሆኖ ነበር፤ የሚያስገድደው ሴናተር በሕንፃው ውስጥ አልነበረም። «አምባገነን» ተብሎ መሪ እንዲሆን የተመረጠው ልዑል ሰርጌይ ትሩቤትስኮይ ጭራሽ ብቅ አላለም። የባሕር ኃይሉን ዘብ መርቶ ቤተ መንግሥቱን እንዲይዝ የተመደበው ያኩቦቪች በዚያው ጠዋት አልሄድም አለ። የቀሩት አዛዥ ሳይኖራቸው በዚያ ብርድ ለሰዓታት ቆሙ። ሊያግባባ የመጣውን የከተማዋን ገዥ ጄኔራል ሚሎራዶቪችን ካሆቭስኪ በጥይት መታው፤ ጄኔራሉ በቁስሉ ሞተ። እስከዚያ ኒኮላይ ብዙ እጥፍ የሚሆን ጦር አሰባስቦ አደባባዩን ዘግቷል። በዲሴምበር የፒተርስበርግ ፀሐይ ቶሎ ትጠልቃለች፤ ከጨለመ የራሱም ወታደሮች ወደ ማዶ ይሻገራሉ ብሎ ሠጋ። 10 ሰዓት ግድም መድፎቹን አስተኮሰ፤ አደባባዩም ወዲያው ባዶ ሆነ።

ከሰዓቱ የባሰ ሌላ ጉድለት አለ። ተራው ወታደር የወጣው ለሕገ መንግሥት አልነበረም። መኮንኖቹ የነገሩት «ሕጋዊው ዛር ኮንስታንቲን ነው፤ ሊነጥቁት ነው» ብለው ነው። በመኮንኖቹ መካከልም ስምምነት አልነበረም፤ በደቡብ ማኅበሩን የሚመራው ኮሎኔል ፔስቴል አንድ ወጥ ሪፐብሊክ ሲሻ፣ የሰሜኑ ኒኪታ ሙራቪዮቭ ሥልጣኑ በሕግ የተገደበ ንጉሥ ያለበት ፌዴሬሽን ነድፎ ነበር። ፔስቴል ደግሞ ከአመፁ አንድ ቀን አስቀድሞ ታስሯል። ሞት የተፈረደባቸው አምስቱ ጁላይ 13 ቀን 1826 ሲሰቀሉ የሦስቱ ገመድ ከድቷቸው ወደቁ፤ እንደገና ተሰቀሉ። ከመቶ በላይ የሚሆኑት ወደ ሳይቤሪያ ተጋዙ። ኒኮላይ በዚያው ዓመት «ሦስተኛው ክፍል» የተባለውን የፖለቲካ ፖሊስ አቋቋመ፤ የኋለኛው ዘመን አብዮተኛ በሙሉ ከዚህ መሥሪያ ቤትና ከተተኪዎቹ ጋር ሲተናነቅ ኖሯል።

ጥያቄ፦ ገባሩ በ1861 ነፃ ወጣ ይባላል። ታዲያ ከዚያ በኋላ የገበሬው ቁጣ ለምን አልበረደም?

መልስ፦ ነፃነቱ ዕዳ ይዞ ስለመጣ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

በአንድ ወንድ ራስ በዓመት 10 ሩብል ይገበር ነበር እንበል። ሕጉ ይህን 10 ሩብል የ6 በመቶ ወለድ አድርጎ ይቆጥርና ዋናውን ያወጣል፦ 166 ሩብል ከ67 ኮፔክ። ገበሬው ሙሉ ድርሻውን ከወሰደ፣ መንግሥት የዚህን 80 በመቶ፣ ማለትም 133 ሩብል ከ33 ኮፔክ፣ ለባለርስቱ ይከፍልለታል። ቀሪውን 20 በመቶ ገበሬው ራሱ ከባለርስቱ ጋር ይጨርሳል። መንግሥት የከፈለለትን ደግሞ በየዓመቱ 6 በመቶ፣ ማለትም 8 ሩብል፣ ለ49 ዓመት ይመልሳል። ድምሩ 392 ሩብል ይመጣል።

ተንኮሉ ያለው በመነሻው ላይ ነው። ዋጋው የተሰላው መሬቱ በገበያ ከሚያወጣው ሳይሆን ገባሩ ሲገብር ከኖረው ነው። መሬቱ ደካማ በሆነበት በሰሜኑ ክፍል ገባሩ ግብሩን የሚከፍለው ከእርሻው አልነበረም፤ በእጅ ሥራና ከተማ ወርዶ በሚያገኘው ደመወዝ ነው። ስለዚህ ገበሬው በመሬት ስም የገዛው የራሱን ጉልበት ነበር። ለም ጥቁር አፈር ባለበት በደቡብ ደግሞ ባለርስቶቹ ገበሬው ቀድሞ ሲያርሰው ከነበረው መሬት ቆርጠው አስቀሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ የተቆረጠው ግጦሹና ወደ ውኃ የሚወስደው ነው። ዕዳው በመንደሩ ማኅበር ላይ በጋራ የተጣለ በመሆኑ አንዱ ካልከፈለ ጎረቤቱ ይጠየቃል፤ ማኅበሩም አባሉን በቀላሉ አይለቅም። የጋራ ተጠያቂነቱ የተነሣው በ1903 ነው። ክፍያው በ1906 በግማሽ ተቀነሰ፤ ከ1907 ጀምሮ ቀረ፤ ይህም የሆነው የ1905ቱ አመፅ ስላስገደደ ነው።

ገበሬው በዛሩ ላይ የነበረው እምነት ግን ቶሎ አልተሰበረም። በካዛን ግዛት ቤዝድና በምትባል መንደር አንቶን ፔትሮቭ የተባለ ገበሬ አዋጁን እያነበበ «እውነተኛው ነፃነት እዚህ ውስጥ አለ፤ መኳንንቱ ደብቀውታል» ብሎ ሕዝብ ሰበሰበ፤ ጦሩ በኤፕሪል 1861 ተኩሶ ብዙ ሰው ገደለ። በ1874 በጋ ተማሪዎች የገበሬ ልብስ ለብሰው «ወደ ሕዝቡ» ሲዘምቱም ያጋጠማቸው ይኸው እምነት ነው፦ ስለ መሬት ሲያወሩ ይሰማቸዋል፣ ዛሩን ሲነቅፉ ይሸሻቸዋል፣ አንዳንዴም ለፖሊስ ይሰጣቸዋል። ዘመቻው «የ193ቱ ችሎት» በተባለው ክስ ተቋጨ። ከገበሬው ጋር በእርግጥ ድርጅት የፈጠረው የስቴፋኖቪች ቡድን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በኪየቭ ግዛት ቺጊሪን አውራጃ ውስጥ በዛሩ ስም የሐሰት አዋጅ ጽፎ አንድ ሺህ ያህል ገበሬ አደራጀ፤ በ1877 ተደረሰበት። በእኛ አስተያየት ይህ በ1825 ለወታደሮች ከተነገረው ውሸት አይለይም፤ ሕዝቡን በንጉሡ ስም በንጉሡ ላይ ማስነሣት ነው።

ጥያቄ፦ ዛሩን ለመግደል ስለተነሣው ስለ «የሕዝብ ፈቃድ» ድርጅት የመድረክ ተውኔት እየጻፍኩ ነው። በሕቡዕ ቤት ውስጥ በእርግጥ ምን ይታያል? ምልክቱስ፣ ማተሚያውስ፣ በምንስ ይያዙ ነበር?

መልስ፦ ተውኔትዎ 1879ን ወይም 1880ን የሚያሳይ ከሆነ መጀመሪያ የግቢ ጠባቂውን ያስቡ። በሩሲያ ከተሞች የየግቢው ጠባቂ ተከራዮቹን ለፖሊስ የማስመዝገብና የሚያየውን የመንገር ግዴታ ነበረበት። ቤቱን የሚከራዩት በሐሰተኛ ፓስፖርት ባልና ሚስት የመሰሉ ሁለት አባላት ናቸው፤ «የቤት ሠራተኛዋም» አባል ናት። ጀማሪ ደራሲ በር ሁልጊዜ ተቀርቅሮ ያሳያል። እነሱ የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው፤ ሰበብ እየፈጠሩ ጠባቂውን ወደ እያንዳንዱ ክፍል ያስገቡታል፣ የሚደበቅ ነገር እንደሌለ እንዲመሰክርላቸው።

ማተሚያው ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ነው። በሣጥን የተደረደሩ የእርሳስ ፊደላት፣ እንደ አናጢ ሙጫ ካለ ነገር የተሠራ ቀለም መቀቢያ ሮለር፣ ወረቀቱን የሚጫን በጨርቅ የተጠቀለለ ከባድ በርሜል መሰል ብረት፣ ሁለት ማሰሮ ቀለም፣ ብሩሽና ስፖንጅ። ሁሉም በሩብ ሰዓት ውስጥ ተነሥቶ ቁምሳጥን ውስጥ ይገባል። የሚያስቸግረው ሽታውና ድምፁ ነው፤ ያንን ታዳሚው እንዲሰማው ማድረግ የእርስዎ ሥራ ይሆናል። በሳፒዮርኒ መንገድ የነበረው ማተሚያ ቤት በጃንዋሪ 1880 ሲከበብ ውስጥ የነበሩት በሽጉጥ ተታኩሰዋል።

ምልክት መስኮት ላይ የሚቀመጥ ዕቃ ነው። ዕቃው ካለ ይገባል፣ ከሌለ ይታለፋል፤ የሚያዘው ሰው በአንድ እጅ ሊያነሣው የሚችል መሆን አለበት። ፖሊስ ምልክቱን ሳይነካ ቤቱን ከያዘ ግን ዘዴው በተገላቢጦሽ ይሠራል፤ ውስጥ አድፍጦ የሚመጣውን አንድ በአንድ ይለቅማል። የድርጅቱ ትልቁ ሀብት የነበረው ኒኮላይ ክሌቶችኒኮቭ የጠፋው እንዲህ ነው። ሰውየው በድርጅቱ ትእዛዝ በራሱ በሦስተኛው ክፍል ጸሐፊ ሆኖ ተቀጥሮ፣ ለሁለት ዓመት ያህል የጆሮ ጠቢዎችን ስምና የሚፈተሹ ቤቶችን ዝርዝር ሲያስተላልፍ ነበር። በጃንዋሪ 1881 ወደ ተያዘ የጓድ ቤት ገብቶ ወጥመድ ውስጥ ወደቀ።

አብዛኛው ሰው የተያዘው በፖሊስ ብልሃት ሳይሆን በእንዲህ ዓይነቱ ተራ ነገር ነው። የምስጢር አጠባበቅ ሕጉን ያወጣውና ጓዶቹን ስለ ጥንቃቄ ጉድለት ሲገሥጽ የኖረው አሌክሳንደር ሚኻይሎቭ፣ በኖቬምበር 1880 የተሰቀሉ ጓዶቹን ፎቶግራፍ ለመውሰድ ወደ ፎቶ ቤት ተመልሶ ሄደና ተያዘ። ጎልደንበርግ የተባለው ሌላ አባል ደግሞ እስር ቤት ውስጥ ተታሎ፣ መንግሥትንና ድርጅቱን የሚያስታርቅ መስሎት ሁሉንም ተናገረ፤ ያደረገው ሲገባው ራሱን አጠፋ።

ለመድረክ የሚመች ሌላ ቤት ካሻዎት ማላያ ሳዶቫያ መንገድ ላይ የነበረውን የአይብ ሱቅ ይውሰዱ። «ኮቦዜቭ» በሚል ስም ባልና ሚስት የመሰሉት ቦግዳኖቪችና ያኪሞቫ ሱቁን ከፍተው ዛሩ ሲያልፍ ፈንጂ ለማፈንዳት ከስሩ ወደ መንገዱ መሿለኪያ ይቆፍሩ ነበር። አፈሩ የሚደበቀው በአይብ በርሜሎች ውስጥ ነው። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1881 የጤና ቁጥጥር ነን ያሉ መርማሪዎች በአንድ መሐንዲስ ጄኔራል መሪነት መጡ። ወለሉ ለምን ረጠበ ሲሏቸው ጎምዛዛ ክሬም ፈሶ ነው አሉ፤ ጄኔራሉም አምኖ ወጣ። በማግስቱ ዛር አሌክሳንደር ዳግማዊ በዚያ መንገድ አልመጣም፤ ድካማቸው ከንቱ ቀረ። የዘመቻው መሪ ዜልያቦቭ ከሁለት ቀን በፊት ታስሮ ስለነበር ሶፊያ ፔሮቭስካያ ቦምብ የያዙትን ወደ ካትሪን ቦይ አዛወረቻቸው። የሪሳኮቭ ቦምብ ሠረገላውን ጎዳ፤ ዛሩ የቆሰሉትን ለማየት ሲወርድ የግሪኔቪትስኪ ቦምብ ገደለው። በዚያው ጠዋት ዛሩ የተመረጡ ሰዎች በሕግ ማርቀቅ የሚያማክሩበትን የሎሪስ ሜሊኮቭን ዕቅድ ተቀብሎት ነበር። ልጁ አሌክሳንደር ሣልሳዊ ዕቅዱን ቀበረው፤ በኦገስት 1881 ለጊዜው ተብሎ የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ እስከ 1917 ዘለቀ። በሕዝቡ ዘንድ የተጠበቀው አመፅ አልተነሣም።

ለእስር ቤት ትዕይንት ደግሞ የግድግዳ ንግግር አለ። መነሻውን የፈጠረው ከ1825ቱ እስረኞች አንዱ የሆነው ሚኻይል ቤስቱዤቭ ነው። ፊደላቱ በየረድፉ አምስት ወይም ስድስት ሆነው ይደረደራሉ። መጀመሪያ የረድፉ ቁጥር ይንኳኳል፤ ትንሽ ቆም ተብሎ በረድፉ ውስጥ ያለው የፊደሉ ተራ ይከተላል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሁለተኛ ለሆነ ፊደል ሦስት ጊዜ፣ ቆም፣ ሁለት ጊዜ ነው። ልማድ ያለው እስረኛ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሰው ጎረቤቱ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ ቦልሼቪኮችና ሜንሼቪኮች የተለያዩት በአንድ አንቀጽ ቃላት ነው ይባላል። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ፓርቲ ይከፍላል?

መልስ፦ የፓርቲ አባል ማን እንደሆነ በሚደነግገው በዚያ አንቀጽ ላይ ሌኒን ተሸንፎ ነበር፤ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። የሩሲያ ሶሻል ዴሞክራቲክ ፓርቲ ሁለተኛ ጉባኤ በ1903 ብራስልስ ላይ ተጀምሮ፣ የቤልጅየም ፖሊስ ስላዋከበው ለንደን ላይ ተጨረሰ። 43 ተወካዮች 51 ድምፅ ነበራቸው። የሌኒን ረቂቅ አባል ማለት በአንዱ የፓርቲው ድርጅት ውስጥ በግሉ የሚሳተፍ ነው አለ፤ የማርቶቭ ረቂቅ በአንዱ ድርጅት አመራር ሥር ሆኖ የሚረዳ ይበቃል አለ። ማርቶቭ 28 ለ22 አሸነፈ።

ከዚያ የአይሁድ ሠራተኞች ማኅበር (ቡንድ) አምስት ተወካዮችና ሌሎች ሁለት ተወካዮች በሌላ ጉዳይ ተቆጥተው ወጡ። ሰባት ድምፅ ሲጎድል ብልጫው ወደ ሌኒን ዞረ። እሱም «ኢስክራ» የተባለውን ጋዜጣ የአዘጋጆች ቦርድ ከስድስት ወደ ሦስት እንዲቀንስ አስወሰነ፤ አክሰልሮድ፣ ቬራ ዛሱሊችና ፖትሬሶቭ ከቦርዱ ወደቁ። ትልቁ ቁስል ይህ ነው። ጋዜጣው በውጭ አገር ታትሞ በስስ ወረቀት፣ በድርብ ወለል ሻንጣ ወደ ሩሲያ የሚገባ የፓርቲው የጀርባ አጥንት ነበርና፣ ጋዜጣውን የያዘ አገር ውስጥ ያሉትን ኮሚቴዎች ይይዛል። ከሌኒን ጋር የቆሙት በዚያ ድምፅ «ቦልሼቪክ»፣ ብዙኃን ተባሉ፤ የማርቶቭ ወገን «ሜንሼቪክ»፣ ጥቂቶች። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት መጨረሻ በቦርዱ የቀረው ፕሌሃኖቭ አሰላለፉን ቀይሮ ጋዜጣውን ለማርቶቭ ወገን መለሰ፤ «ብዙኃኑ» ያለ ጋዜጣ ቀሩ።

ጥያቄ፦ የሽብር ድርጅት መሪ ራሱ የፖሊስ ሰው እንዴት ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ የቭኖ አዜፍ በጀርመን ተማሪ ሳለ በ1893 በወር 50 ሩብል ለፖሊስ መሥራት ጀመረ። በ1903 የሶሻሊስት አብዮተኞች ፓርቲ «የፍልሚያ ድርጅት» መሪ ጌርሹኒ ሲታሰር እሱ ተተካ። በእሱ መሪነት የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ፕሌቬ በጁላይ 1904፣ የዛር ኒኮላይ ዳግማዊ አጎት ልዑል ሰርጌይ በፌብሩዋሪ 1905 ተገደሉ። ፖሊስ የሚፈልገው ከፍ ብሎ የተቀመጠ ምንጭ ነው፤ ምንጩ ከፍ እንዲል ደግሞ ድርጅቱ እንዲያምነው አንዳንድ ነገር መሳካት አለበት። አዜፍ አንዱን ያጋልጣል፣ ሌላውን ያሳልፋል፤ ሁለቱም ወገን ይከፍለዋል። ጓዶቹን ያሳወራቸውም ያው ነው፤ ፕሌቬን ያስገደለን ሰው የፖሊስ ነው ብሎ ማን ይጠረጥራል? በ1908 ቡርትሴቭ የተባለ ጋዜጠኛ ከቀድሞው የፖሊስ ዋና ኃላፊ ከሎፑኺን ማረጋገጫ አግኝቶ አጋለጠው። አዜፍ አመለጠ፤ ሎፑኺን ምስጢር አወጣ ተብሎ ሳይቤሪያ ተጋዘ።

ቦልሼቪኮችም ከዚህ አላመለጡም። በ1912 በሞስኮ ሠራተኞች ድምፅ ዱማ (ፓርላማ) የገባው ሮማን ማሊኖቭስኪ የኦኽራና (የምስጢር ፖሊሱ) ደመወዝተኛ ነበር፤ ንግግሮቹን ፖሊስ አስቀድሞ ያያቸው ነበር። ሌኒን እስከ 1917 ድረስ አላመነም። የፖሊስ መዛግብት ሲከፈቱ ነው የተረጋገጠው፤ ማሊኖቭስኪ በ1918 ተመልሶ መጥቶ ተፈረደበት፣ ተረሸነ።

ጥያቄ፦ 1905 ከሽፎ 1917 ለምን ተሳካ? የመሪዎቹ ብቃት ነው?

መልስ፦ በመሪዎቹ ከሄድን አይገባንም። በፌብሩዋሪ 1917 ሌኒን ዙሪክ፣ ትሮትስኪ ኒው ዮርክ ነበሩ። ሁለት ነገር ያነጻጽሩ፦ የጦር ሰፈሩንና የባቡር ሐዲዱን።

በጃንዋሪ 9 ቀን 1905 ቄስ ጋፖን የመራው፣ የዛሩን ሥዕልና ቅዱሳት ሥዕላትን የያዘ ሰልፍ ላይ ወታደሩ ሲታዘዝ ተኮሰ። መንግሥት ራሱ ያመነው 130 ሰው መሞቱን ነው። በዛሩ ላይ የነበረው የቆየ እምነት በዚያ ቀን ክፉኛ ተሰነጠቀ። በኦክቶበር የባቡር ሠራተኞች ከሞስኮ የጀመሩት አድማ አገሩን ሲያስቆም ዛሩ ኦክቶበር 17 ቀን ማኒፌስቶ አወጣ፤ ዱማና የዜግነት መብት ቃል ገባ። ለዘብተኞቹ በዚህ ረክተው ከሠራተኛው ተነጠሉ። የፒተርስበርግ ሶቪየት (የሠራተኞች ምክር ቤት) ለ50 ቀን ያህል ከሠራ በኋላ ዲሴምበር 3 ቀን አባላቱ ታሰሩ።

በዲሴምበር ሞስኮ ተነሣች። የከተማው ጦር ያጠራጥር ስለነበር አዛዦቹ አብዛኛውን ሰፈሩ ውስጥ ቆለፉበት፤ ለጥቂት ቀናት ባሪኬዶቹ አሸናፊ መሰሉ። ነገር ግን ከፒተርስበርግ ወደ ሞስኮ የሚወስደው የኒኮላይ ባቡር መሥመር በወታደር ተጠብቆ መሥራቱን አላቋረጠም። በዚያ መሥመር የሴሚዮኖቭስኪ ዘብ ክፍለ ጦር መጣ፤ የፕሬስኒያ ሠራተኛ ሰፈር በመድፍ ተደበደበ። ከጃፓን ጋር የነበረው ጦርነት በኦገስት ስላበቃ መንግሥት ከምሥራቅ የሚመለሰውን ጦር በሳይቤሪያ መሥመር በቅጣት ዘመቻ አስገዛው። በኤፕሪል 1906 ከፈረንሳይ ባንኮች በዋነኛነት የተገኘ 2.25 ቢሊዮን ፍራንክ ብድር ግምጃ ቤቱን አዳነው። ጦሩ ታማኝ፣ ሐዲዱ ክፍት፣ ካዝናው ሙሉ ነበር ማለት ነው።

በ1917 ጦርነቱ አላለቀም። የድሮው ዘብ ጦር ከ1914 ጀምሮ ጦር ሜዳ አልቋል። በፔትሮግራድ የጦር ሰፈሮች ከመቶ ሺህ በላይ ወታደር ታጭቋል፤ በስሙ ዘብ ቢባልም አብዛኛው አዲስ ምልምል ወይም ከቁስሉ ያገገመ፣ ወደ ግንባር መላክን የሚፈራ ነው። ፌብሩዋሪ 23 ቀን የቪቦርግ ሰፈር የጨርቃ ጨርቅ ሴት ሠራተኞች ዳቦ ብለው ወጡ፤ በሦስተኛው ቀን ከተማው በሙሉ ቆመ። ዛሩ ከጦር ሠፈሩ ሆኖ ለጄኔራል ኻባሎቭ «ሁከቱን ነገ አስቁም» ብሎ ቴሌግራም ላከ። በ26ኛው ቀን ጦሩ ተኮሰ፤ ብዙ ሰው ሞተ። አብዮቱን የወለደው ያ ሌሊት ነው። የቮሊን ክፍለ ጦር ማሠልጠኛ ወታደሮች ነገ አንተኩስም ብለው መከሩ፤ በማግስቱ ጠዋት በሳጅን ኪርፒችኒኮቭ መሪነት አመፁ፣ አዛዣቸው ተገደለ፣ ወደ ጎረቤት ሰፈሮች ሄደው ሌሎቹን አስወጡ። ከተኮሰ በኋላ ሰፈሩ ተመልሶ ሲያስብ ያደረ ወታደር በማግስቱ አይታመንም፤ ኻባሎቭ ይህን አላሰበበትም። ያመፀ ወታደር ደግሞ ወደ ኋላ ቢመለስ የሚጠብቀው ረሻኝ ስለሆነ ሌሎቹን ማሳመፅ ሕይወቱን ማዳኛው ነው።

ዛሩ ማርች 2 ቀን ፕስኮቭ ላይ ዙፋኑን የለቀቀው የግንባር ጦር አዛዦች በየቴሌግራማቸው እንዲለቅ ከመከሩት በኋላ ነው። ወንድሙ ሚኻይል በማግስቱ አልቀበልም አለ። የፔትሮግራድ ሶቪየት ማርች 1 ቀን ትእዛዝ ቁጥር 1ን አውጥቶ ነበር፦ በየክፍሉ ኮሚቴ ይመረጥ፣ መሣሪያው በኮሚቴው እጅ ይሁን ለመኮንን አይሰጥ፣ የዱማው ወታደራዊ ኮሚሽን ትእዛዝ የሚፈጸመው ከሶቪየቱ ጋር ካልተቃረነ ብቻ ነው። ዛሩን የተካው ጊዜያዊው መንግሥት ሚኒስቴሮቹን ያዘ እንጂ ጠመንጃውን አልያዘም። ጄኔራል ኮርኒሎቭ በኦገስት መጨረሻ ወደ ከተማዋ ጦር ሲያንቀሳቅስ ደግሞ የባቡር ሠራተኞች ሐዲዱን ዘጉበት፣ ባቡሮቹን አዘገዩ፤ ቅስቀሳ ያደረጉ ሰዎች ከወታደሮቹ ጋር ተነጋግረው ዘመቻው ሳይታኮስ ፈረሰ። በ1905 ያልተዘጋው መሥመር ማለት ይህ ነው።

ጥያቄ፦ የክረምት ቤተ መንግሥት በእርግጥ በከባድ ውጊያ ተያዘ? ቀጥሎ የተመረጠውን ጉባኤስ ማን አሸነፈ?

መልስ፦ ሕዝብ በማዕበል አጥሩን ሲያልፍ የሚታየው ትዕይንት ከዓመታት በኋላ የተቀረጸ ነው። ከኦክቶበር 24 ሌሊት ጀምሮ በቦልሼቪኮች የሚመራው የፔትሮግራድ ሶቪየት ወታደራዊ አብዮታዊ ኮሚቴ ሰዎች ድልድዮችን፣ ቴሌግራፍን፣ የስልክ ማዕከሉን፣ የባቡር ጣቢያዎችንና የመንግሥት ባንክን ያዙ። የጊዜያዊው መንግሥት መሪ ኬሬንስኪ በ25 ረፋድ ጦር ፍለጋ በመኪና ወጣ። ቤተ መንግሥቱን ይጠብቁ የነበሩት እጩ መኮንኖች፣ ጥቂት ኮሳኮችና የሴቶች ሻለቃ አንድ ሻምበል ናቸው፤ አብዛኛው ወደ ማታ ተበታተነ። መርከቧ አውሮራ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ40 ገደማ ባዶ ጥይት ተኮሰች። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሚኒስትሮቹ በአንድ ትንሽ የምግብ ክፍል ውስጥ ታሰሩ። የሞተው ሰው በጣም ጥቂት ነው፤ በሞስኮ ግን ለቀናት ውጊያ ነበር።

የሕገ መንግሥት አውጪው ጉባኤ ምርጫ ኖቬምበር 12 ቀን ተጀመረ። ሶሻሊስት አብዮተኞቹ 40 በመቶ ገደማ፣ ቦልሼቪኮች 24 በመቶ ገደማ አገኙ። ቦልሼቪኮች ግን በፔትሮግራድ፣ በሞስኮና ለዋና ከተማዋ በቀረቡት የሰሜንና የምዕራብ ግንባሮች መሪ ነበሩ። ጉባኤው ጃንዋሪ 5 ቀን 1918 በታውሪድ ቤተ መንግሥት ተሰበሰበ፤ በዚያው ቀን የደገፈው ሰልፍ ላይ ተተኮሰ። ሶሻሊስት አብዮተኞቹ ይደርሱልናል ያሏቸው የሴሚዮኖቭስኪና የፕሬኦብራዤንስኪ ክፍለ ጦሮች ከሰፈራቸው አልወጡም። ሊነጋጋ ሲል መርከበኛው ዤሌዝኒያኮቭ ዘቡ ደክሞታልና ይበተን አለ፤ በማግስቱ በሩ ተዘጋ።

የምርጫውን ቁጥር ሲያነቡ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። የሶሻሊስት አብዮተኞች የዕጩ ዝርዝር የተዘጋጀው ግራው ክንፍ ተገንጥሎ ከቦልሼቪኮች ጋር ከመቆሙ በፊት ነው። ስለዚህ ያ 40 በመቶ የግራውን ደጋፊ ከቀኙ አይለይም፤ ጉባኤው ውስጥ በተቀመጡት ወንበሮች ብቻ የመራጩን ስሜት መገመት ያሳስታል።